ከቤት እየሠሩ ቀንን ማስተካከል፦ ከደሴ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ 29 ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ለውጭ ድርጅት ከቤት ሆኜ እሠራለሁ። በቀን 8 ሰዓት መሥራት አለብኝ፤ መቼ እንደምሠራው ግን ለኔ የተተወ ነው። የማይቀረው ኒው ዮርክ ካሉት ጋር በኛ 11 ሰዓት ላይ የምናደርገው ስብሰባ ብቻ ነው። ድሮ ቢሮ ስሠራ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። አሁን ሳሎን ዝቅ ያለው መጅሊስ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እውላለሁ። ለሱብሂ (ለንጋት ሶላት) እነሳና ተመልሼ እስከ 4 ሰዓት እተኛለሁ፤ ማታ ደግሞ እስከ 7 እና 8 ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም። ወገቤንና አንገቴን ያመኛል፣ ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወቅረኛል፣ 5 ኪሎ ጨምሬያለሁ። እናቴም ጎረቤቱም ‹ቤት አይደለሽ እንዴ› እያሉ ይጠሩኛል፤ ቡናው በቀን ሦስቴ ነው። ፕሮግራም ባወጣም ከሦስት ቀን አያልፍም። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። ፕሮግራምሽ ከሦስት ቀን የማያልፈው ስንፍና ስለያዘሽ አይደለም። ቢሮ ሳለሽ ሳትጠይቂ ይሰጥሽ የነበረ ነገር ነበረ፦ ጠዋት ብርሃን ላይ መውጣት፣ የእግር መንገድ፣ ልክ ያለው ወንበር፣ «በቃ፣ ወጣሁ» የሚባልበት ሰዓት። እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲቀሩ ጉድለቱን በቁርጠኝነት ብቻ ልሙላ ማለት ያደክማል። በየግማሽ ሰዓቱ የተሸነሸነ ፕሮግራምም ደሴ ላይ አይሰነብትም፤ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ እንግዳ ይመጣል፤ አንዱ ሲዛባ ሌላው ተከትሎ ይፈርሳል። የሚያዋጣው ጥቂት የማይነቀሉ ችካሎች ተክሎ የቀረውን በመሃላቸው መልቀቅ ነው። ችካሎቹ ደግሞ እጅሽ ላይ አሉ፦ ሶላት አለሽ፣ ቡና አለሽ፣ የ11 ሰዓቱ ስብሰባ አለሽ። የሚቀረው ቦታ ቦታቸውን ማስያዝ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን የራስ ምታቱ ላይ ልቁም፤ ከጻፍሽው ሁሉ ሰው ሊገድል የሚችለው እሱ ስለሆነ። ቡናው የሚፈላው የት ነው? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር በርና መስኮት ይዘጋል፣ ማንደጃው ሳሎን ይገባል፣ ቡናው ካለቀ በኋላም «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ፍሙ እዚያው ይተዋል። አንቺ ደግሞ በዚያው ሳሎን ስትሠሪ ትውያለሽ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው የሚሳሳተው «ጢሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» ብሎ ነው፤ ጋዙ የሚወጣው ግን ከቀላውም ፍም ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥንካሬ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በጥቂቱም ቢሆን አየሩ ውስጥ ካለ የኦክስጅኑን ቦታ እየወሰደ ይሄዳል። እንደ ደሴ ባለ ከፍታ ላይ ኦክስጅኑም ከቆላው ያነሰ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። «ከሰል መታኝ» የሚባለው ይኸው ነው።

የምታውቂበት መንገድ ቀላል ነው። ራስ ምታቱ ቡና ከተፈላ በኋላ የሚጀምርሽ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የሚጨምርበት፣ ውጭ ወጥተሽ ስትቆዪ የሚለቅሽ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሌላውንም ሰው የሚይዘው ከሆነ ከሰሉን ጠርጥሪ። ለአንድ ሳምንት ማንደጃው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ከሰሉ እዚያው ይቀጣጠል፣ ጀበናው እዚያው ይፍላ፣ ሲኒው ብቻ ወደ ውስጥ ይግባ። ዝናብ ከሆነና የግድ መግባት ካለበት በሩም ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መስኮትም ይከፈት፤ አንዱን ብቻ መክፈት አየሩን በደንብ አያስወጣውም። ፍም ባለበት ቤት መተኛት ግን በምንም ምክንያት አይሆንም። ብርዱን በጋቢ፣ በወፍራም ካልሲና በሙቅ ውሃ ከረጢት ተከላከዪው። በዚያ ሳምንት ራስ ምታቱ ከቀለለሽ ምክንያቱን አገኘሽው ማለት ነው።

ካልቀለለሽ ደግሞ ቀጥለው የሚጠረጠሩት የአንገትሽ አቀማመጥ፣ የውሃ ማነስና ዓይንሽ ናቸው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንጨፍንበት ቁጥር ይቀንሳል፤ ዓይን ይደርቃል፣ ይቃጠላል፣ ግንባር ይከብዳል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ተመልከቺ። መስኮትሽ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያይ ከሆነ ከሱ የተሻለ አታገኚም። መነጽር ተለክቶልሽ የማታውቂ ከሆነም ተለኪ፤ በ29 ዓመት ጥቂት የጎደለ ዕይታ በሞባይል ላይ አይታወቅም፣ 8 ሰዓት ላፕቶፕ ላይ ግን ራስ ይወቅራል።

አሁን ወደ እንቅልፉ። ማታ 8 ሰዓት ተኝተሽ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ለሱብሂ ትነሺያለሽ፣ ከዚያ ተመልሰሽ እስከ 4 ሰዓት ትተኛለሽ። ሰዓቱ ሲደመር ሰባት ሰዓት ይሞላል፤ ግን ለሁለት የተቆረጠ ነው። ከዚያም ከፍቶ ሁለተኛው ክፍል የሚያልፈው ሰውነትሽ የጠዋት ብርሃን ማግኘት በሚገባው ጊዜ ነው። አእምሯችን ውስጥ ያለው ሰዓት የሚሞላው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው፤ ጠዋት ላይ ሲያገኝ ማታ እንቅልፉን ቀደም አድርጎ ያመጣል፣ ጠዋት ሲያጣና ማታ የስልክ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ ያዘገየዋል። ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ተከፍቶ የሚገባው ብርሃን ብዙ የሚመስለው ዓይናችን ስለሚለምድ ነው፤ ደጅ ያለው ደመናማ ሰማይ እንኳ ከቤት ውስጡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ችካል የሱብሂ መነሻሽ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ አትተኚ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከመኝታው ሰዓት ሲጀምር ነው። «ዛሬ በ4 ሰዓት እተኛለሁ» ብሎ ጋደም ማለት እንቅልፍን አያመጣም፤ አልጋ ላይ መገላበጥን ብቻ ያለማምዳል። መነሻው ከተያዘ መኝታው ራሱ ተከትሎ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ይከብዱሻል፤ ከዙሁር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ቀይሉላ፣ ማለትም አጭር የቀትር እንቅልፍ፣ ያዢ። ግን 20 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ በማንቂያ። አንድ ሰዓት ከተኛሽ ከከባድ እንቅልፍ ውስጥ ስለምትነቂ ደንዝዘሽ ትውያለሽ፣ የማታውንም ትሰርቂበታለሽ። ፀሐይ ደሴ ላይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ በወጣች በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጅ ሁኚ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ በደመና ቀን ግን ግማሽ ሰዓት አድርጊው። ፀሐይዋን ትኩር ብለሽ ማየት አያስፈልግም።

ማታ ደግሞ 3፡45 ላይ ለመተኛት አስቢ፤ እስከ 11፡15 ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለአዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው የሚመከረው። ስልኩ ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ ለማንቂያ ተነስተሽ የምትደርሺበት ቦታ ላይ ይደር።

ቡናው። ወሎ ቤት ተቀምጦ ቡና አልጠጣም ማለት ከጎረቤት መቆራረጥ ነው፤ ማንም እንዲያ ብሎ ቢመክርሽ አትስሚው። ቡናው ጥሩ ነው፣ ከሰው ጋር መቀመጡማ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከሰው ጋር የሚያገናኝ ቋሚ ሰዓት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ሰዓቱና ስኳሩ ነው። ካፌይን ከጠጣሽው ግማሹ ከሰውነትሽ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ባንዳንዱ ሰው ይፈጥናል፣ ባንዳንዱ ይዘገያል፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ በጣም ይዘገያል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከጠጣሽው ቡና 5 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮሽ አልጋ ላይ አለ። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ይተኛል፣ ግን እንቅልፉ ይሳሳል፣ ጠዋት ሲነሳም እንደደከመው ነው።

የመጨረሻው ሲኒ ከ8 ሰዓት አይለፍ። ቤታችሁ የሚፈላውን ዋናውን ቡና ወደ ረፋዱ 4 ሰዓት አምጪው፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ያኔ በሥነ ሥርዓቱ ይጠጣ፣ ምርቃቱም ይድረስ። ሁለተኛው ቡና ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይሁን፤ ግን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ይይዘዋል፤ በየወሩ ደም ለሚፈሳት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሥራ በኋላ ጎረቤት ቢጠራሽስ? ሂጂ። አቦሉ ላይ አትድረሺ፤ በረካው ላይ ድረሺ። አንዱ ዱቄት ነው ሦስቴ የሚፈላው፣ በረካው ከሦስቱ ቀጭኑ ነው፤ ካፌይኑ ጨርሶ ባይጠፋም ያንሳል። ያም ከከለከለሽ ሻይ ቅጠል ያልገባበት የጦስኝ ሻይ አስቀርቢ፤ ማንም አይቀየምሽም።

ስኳሩን ደግሞ አንዴ ቁጠሪው። በሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ሦስት ሲኒ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፦ 18 ማንኪያ። አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሆነ 72 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። ገና ሻዩ፣ ብስኩቱና ለስላሳው አልተቆጠረም። በየሁለት ሳምንቱ በሲኒ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንሺ ምላስሽ ሳይቆጣ ይለምዳል። በአንዴ ካቋረጥሽ ግን ቡናው ራሱ ያስጠላሻል፣ በአራተኛው ቀን ትመለሻለሽ።

ስለ ጫት አልጻፍሽም፤ ከቤት የሚሠራ ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ግን ባጭሩ፦ «ሥራ ያስይዛል» የሚባለው እውነት የሚመስለው ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ስለሆነ ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያባርራል፤ በማግስቱ ጠዋት የሚጠፋው ሥራ ማታ ከተሠራው ይበልጣል።

መጅሊሱ። ለእንግዳ፣ ለምሳ፣ ለዱዓ የተሠራ ነው፤ ለ8 ሰዓት ላፕቶፕ አይደለም። ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይል ስትቀመጪ ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ ይሆናል። ያኔ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ ወገብ ወደ ውስጥ የሚገባበት ተፈጥሯዊ ቅርጽ ይጠፋል፣ ክብደቱ አከርካሪ መሃል ባሉት ዲስኮችና በጅማቶቹ ላይ ያርፋል። ላፕቶፑ ጭን ላይ ስለሆነ አንገትም ያጎነብሳል። የሰው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የኋላ አንገት ጡንቻዎች የሚጎትቱት ኃይል እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ባልዲ ውሃ ወደ ደረት ተጠግቶ ሲያዝና ክንድ ተዘርግቶ ሲያዝ ያለውን ልዩነት አስቢው።

ውድ ወንበር መግዛት አያስፈልግሽም። ሜትር ያዢና ሦስት ነገር ለኪ። አንደኛ፣ ጫማሽን ወይም ነጠላ ጫማሽን አድርገሽ ከወለሉ እስከ ጉልበትሽ ጀርባ፤ ይህ የወንበርሽ ከፍታ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ ክንድሽን በ90 ዲግሪ አጥፈሽ ከወለሉ እስከ ክርንሽ፤ ይህ የጠረጴዛሽ ከፍታ ነው፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ዝቅ ቢል ይሻላል እንጂ ከፍ አይበል። ሦስተኛ፣ ከጠረጴዛው እስከ ዓይንሽ፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ እዚያ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት። ለአናጺ የምትሰጪው ቁጥር ሁለተኛው ነው። «የተለመደውን ሥራልኝ» ካልሽው 75 ሴንቲ ይሠራልሻል፤ አጠር ላለ ሰው እሱ ከፍ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ተሰቅሎ ይውላል፣ ማታ የሚያምሽ አንገት ከዚያ ይመጣል። ጠረጴዛው ተሠርቶ ካለቀና ከፍ ካለብሽ ራስሽን ከፍ አድርጊ፦ ወንበሩ ላይ ትራስ፣ እግር ሥር ደግሞ የማይንቀሳቀስ የእንጨት ሳጥን። እግር ከተንጠለጠለ የጭን ሥሩ ይጫናል፣ ይደነዝዛል።

የፕላስቲክ ወንበር ካለሽ ይሠራል፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለው። መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ስለዚህ መጅሊሱ ያደረገብሽን እሱም በጥቂቱ ያደርገዋል። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፈሽ በመቀመጫው የኋለኛ ግማሽ ላይ አድርጊ፣ ዝቅታው እስኪስተካከል። ፎጣ ጠቅልለሽ፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ያህል ሆኖ፣ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ ከወገብሽና ከመደገፊያው መሃል አስገቢ። ከፍ ካደረግሽው ጀርባን ወደ ፊት ይገፋል እንጂ ወገብን አይደግፍም። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ወይም ጋዜጣ በተጠቀጠቀበት የጫማ ካርቶን ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ከፍ አድርጊው፣ ክንድሽን ስትዘረጊ ጣትሽ ስክሪኑን የሚነካበት ርቀት ላይ። ይህን ስታደርጊ ግን የተለየ ኪቦርድና ማውስ የግድ ነው። ብዙ ሰው ላፕቶፑን ከፍ አድርጎ በራሱ ኪቦርድ ይጽፋል፤ አንገቱን አድኖ ትከሻውንና የእጅ አንጓውን ይገድላል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወንበሩ ይቆይና ኪቦርድና ማውሱ ይገዛ። መስኮቱ በጎን በኩል ይሁን፤ ከኋላሽ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ከፊትሽ ከሆነ ዓይንሽን ያጨናብሳል።

እንዲህም ሆኖ ከ40 ደቂቃ በላይ አትቀመጪ። ጥሩ አቀማመጥ የሚባለው ቀጣዩ አቀማመጥ ነው የሚሉ የሙያ ሰዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ሳሎን ያለው ቡፌ ክርንሽ ጋ የሚደርስ ከሆነ የሚነበበውን ነገርና ስብሰባውን እዚያ ቆመሽ ተከታተዪ፣ በአንዴ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ።

ስለ 5ቱ ኪሎ። ቢሮሽ በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከነበረ ደርሶ መልስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄጂ ነበር ማለት ነው። 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ ከመቀመጥ በላይ የሚያቃጥለው በግምት 200 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ የደሴ ዳገት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። በወር 22 ቀን፣ ለስምንት ወር ስታባዢው 35,000 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ አራት ኪሎ ተኩሉ ከዚያ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስሌቱ ሻካራ ነው፣ ሰውነት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆጥርም፤ ነገር ግን ምግቡን ከመወንጀልሽ በፊት መንገዱን መልሺ። «ቢሮ የምትሄጂበትን» መንገድ ጠዋት ከሥራ በፊት ሂጂው፦ 30 ደቂቃ፣ ማውራት የምትችይበት ግን መዝፈን የሚያቅትሽ ፍጥነት ላይ። ብርሃኑንም እግረ መንገድሽን ትወስጂዋለሽ። በሳምንት አምስት ቀን ከሄድሽ 150 ደቂቃ ይሞላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ዝቅተኛው መጠን ነው። ሰማይ ሳይነጋ አትውጪ፤ ውሻው ይበዛል።

ከዚያ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ያስፈልግሻል። ሶላት መገጣጠሚያን ያፍታታል፣ ከወንበርም ያስነሳል፤ የወገብን ጡንቻ ለማጠንከር ግን ሸክም ይፈልጋል። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሃ ስትሞላ 5 ኪሎ ናት፣ ጂሙ እሷ ናት። ባንድ እጅሽ ጠረጴዛ ተደግፈሽ፣ ሶላት ላይ ለሩኩዕ እንደምታጎነብሺው ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ፣ ጄሪካኗን በሌላው እጅ ወደ ጎድንሽ ሳቢያት፤ 10 ጊዜ በያንዳንዱ እጅ። ከወንበር እጅ ሳትጠቀሚ ተነስተሽ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፣ 10 ጊዜ። ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ 10። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ዳሌሽን አንስተሽ 3 ሰከንድ ያዢ፣ 10 ጊዜ። ሁሉንም ሁለት ዙር፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ለአንገቱ፦ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ አገጭሽን ወደ ኋላ ሳቢ፣ ድርብ አገጭ እንደማውጣት፤ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ጎበጥ ብሎ ጄሪካን ማንሳትና ትንፋሽ አምቆ መግፋት ናቸው ሰውን የሚጎዱት።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም። ሽሮና ምስር ያለበት ገበታ ጥሩ ገበታ ነው፤ ጎመን ወይም ሰላጣ ጨምሪበት፣ እንጀራውን በመጠኑ። የሚያደልበው ላፕቶፕ አጠገብ የተቀመጠው ቆሎና ብስኩት ነው፤ እጅ ኪቦርድ ላይ ስለሆነ ስንት እንደገባ አይታወቅም። ቆሎውን በሲኒ ስፈሪና እሱ ካለቀ ይበቃል። ውሃ በአንድ ሊትሩ ሃይላንድ ጠረጴዛሽ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ እስከ ምሳ፣ ሌላው ግማሽ ያህል እስከ 11 ሰዓት ይለቅ። ሽንትሽ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው።

«ቤት አይደለሽ እንዴ» የሚለው ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። እናት «ሥራ ላይ ነኝ» ስትባል ካላየችው አታምንም፤ ሥራ ማለት ለብሶ መውጣት ነውና። ስለዚህ የሚታይ አድርጊው። የሌሊት ልብስ ለውጪ። ጠረጴዛው የሚቻል ከሆነ መኝታ ክፍል ጥግ ይሁን፣ አልጋው ግን ከኋላሽ ይሁን። ሄድሴት ጆሮሽ ላይ ካለ «ሱቁ ክፍት ነው፣ ደንበኛ ቆሟል» ማለት እንደሆነ አንዴ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ሲወርድ መጠራት ይቻላል። ጥያቄውን አትከልክዪ፣ ሰዓቱን ስጪ፦ «እማ፣ 4 ሰዓት ላይ ቡና ስንጠጣ እሄድልሻለሁ»። በቃልሽ ሁለት ሳምንት ከተገኘሽ ራሷ ጎረቤቱን ትመልስልሻለች። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ሥራ አታብዢበት፣ ሁለት ሰዓቱን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አሻግሪው። ለቅሶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ለሱ በሳምንት ሦስት አራት ሰዓት ሳትሞዪ ተዪ።

ስትደምሪው ቀኑ ይህን ይመስላል። 11፡15 ሱብሂ፤ ሲነጋ መንገድ፤ ቁርስ። ከ1፡30 እስከ 4 ሰዓት በጣም የሚከብደውን ሥራ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል። 4 ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ ቡና፣ ያለ ላፕቶፕ። ከ4፡40 እስከ 6፡30 ሥራ። ከዚያ ዙሁር፣ ምሳ፣ ቀይሉላ፣ ሁለተኛዋ ቡና። ከ8 እስከ 9፡40 ቀላል ቀላሉን። የዐስር ሶላትን ሰግደሽ፣ ጄሪካኗን አንስተሽ፣ ከ10 ሰዓት እስከ 12 የመጨረሻው ክፍል፣ ስብሰባውን ጨምሮ። ድምሩ 8 ሰዓት ነው። መብራት ሲሄድ አትጨነቂ፤ ኔትወርክ የማይፈልግ ሥራ ሁልጊዜ አንድ አስቀምጪ፣ እሱም ካልሆነ የጄሪካኗን እንቅስቃሴ ወደዚያ አምጪው። ለራውተሩ 12 ቮልት የምትሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ) ብትገዢ ሁለት ሦስት ሰዓት ትይዝልሻለች።

12 ሰዓት ሲሆን መዝጊያ ይኑርሽ። የነገን ሦስት ሥራ በወረቀት ጻፊ፣ ላፕቶፑን አጥፍተሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቢ። ክዳኑ ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ከቀረ ከዒሻ ሶላት በኋላ «አንዴ ልየው» ያሰኛል።

የማትጠብቂው አንድ ነገር አለ። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ከጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ የ11 ሰዓቱ ስብሰባሽ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። በኅዳር ፀሐይ ደሴ ላይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ ከመግሪብ ሶላት ጋር ይጋጫል። ከአሁኑ ለቡድኑ መሪ ጻፊለት፤ በግማሽ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ እንዲደረግ ጠይቂ፣ ምክንያቱንም ንገሪው። ካልተቻለ በዚያ ወቅት የጠዋቱን ሥራ 2 ሰዓት ላይ ጀምሪ፣ መዝጊያሽን 12፡45 አድርጊ፣ እራቱንና መኝታውን ግን አትንኪ። በረመዳን ደግሞ ሁሉም ስለሚዞር ከባዱን ሥራ ወዲያው ከሱብሂ በኋላ አድርጊው፤ ቡናውን ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምረሽ በየቀኑ በሲኒ ቀንሺ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት በአብዛኛው የካፌይን መቋረጥ ነው።

ሁሉንም ባንድ ሳምንት አትጀምሪ። ከሰሉ ዛሬ ይውጣ። በዚህ ሳምንት የሱብሂ መነሻና የመጨረሻዋ ሲኒ ብቻ። በሚቀጥለው ጠረጴዛውና ኪቦርዱ። ጄሪካኗ በሦስተኛው። ወገቡ በስድስት ሳምንት ካልቀለለ ሐኪም ይየው። ሕመሙ ወደ እግርሽ ወርዶ ካደነዘዘሽ ወይም እግርሽ ከደከመ ሳትቆዪ ሂጂ፤ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም በመቀመጫሽ አካባቢ ስሜት ከጠፋ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። ራስ ምታቱም በድንገት ከባድ ሆኖ ከመጣ፣ ዕይታ ከጋረደብሽ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። የደም ግፊትሽንም በዚያው አስለኪ፤ 5 ኪሎ ከጨመረ በኋላ ቁጥሩን ማወቅ ይገባሻል።